የሸራ ግድግዳ

«ፖፕ አፑ ይበቃታል፤ ብቻዋን አይደለች እንዴ?» ሲባል እናናዬ የሰማችው ላውንደሪ ክፍል ቆማ የወንድሟን ልጅ የናርዲን ካልሲዎች ስታጋጥም ነው። ድምፁ የወንድሟ ሚስት የአርሴማ ነበር፤ የመጣውም ከኩሽና ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ በመሆኑ፣ ማድረቂያው እየተሽከረከረ ካልሆነ በቀር ወዲያ ማዶ የሚነገረው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። ማድረቂያው ደግሞ አሁን ገና መቆሙ ነበር። ቀጥሎ የወንድሟ የዘካርያስ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ፣ የሚናገረውን እየዋጠ። «ዊንተሩስ?» አለ። «ሂተር አለው ብለኸኝ የለም እንዴ? ደግሞ ለዘለዓለም አይደለም። እማዬ እንደሆነች ደረጃ መውጣት አትችልም፤ ምን ላድርግ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ላስተኛት?» ከዚያ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ተሰማ።

እናናዬ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ባለ መስመሩን ከባለ መስመሩ እያጋጠመች ቀጠለች። ስለ ማን እንደሚያወሩ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በዚህ ቤት ብቻውን የሚባል ሰው ከእሷ ሌላ የለም። የአርሴማ እናት እማማ ሰብለ ቪዛ የተመታላቸው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ዜናው ሲሰማ መጀመሪያ እልል ያለችው እሷው ራሷ ነበረች። የት እንደሚያርፉ አንድ ቀን ሰሃን ስታጥብ ወደ ሐሳቧ መጥቶባት፣ ናርዲ ክፍል ሌላ አልጋ ይገባል ብላ ገምታ፣ ቧንቧውን ዘግታ ሌላ ሥራ ይዛለች። አሁን ከሰማችው በኋላ አንድ ነገር እስኪሰማት ጠበቀች። ጥርስ ሐኪም ድድን አደንዝዞ ሲለቅ ሰው ከንፈሩ መኖሩን በጣቱ እየነካ እንደሚፈትሽ፣ እሷም ውስጧን ፈተሸች። አለ፤ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። ካልሲውን በቅርጫት አድርጋ ናርዲ በር ላይ አስቀመጠችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ክፍሏ ከጋራዡ ጎን ነው። ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር ይህን ቤት ሲገዙ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የመሣሪያ ማስቀመጫ አድርገውት ነበር፤ ዘካርያስ ነው ምንጣፍ አንጥፎ፣ መስኮት አስከፍቶ፣ ግድግዳውን ክሬም ቀለም የቀባው። አንድ ሰው ተኝቶ እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። አልጋ፣ ባለ አራት መሳቢያ ቁም ሣጥን፣ የማርያም ሥዕል፣ ለጉልበቷ የምትቀባው መድኃኒት፣ አንድ ወንበር። መታጠቢያው ከበሩ አጠገብ ነው፣ ደረጃ የለውም። ለአሮጊት ሴት በእርግጥም የሚመች ክፍል ነው። ይህን ስታስብ አርሴማን ልትቆጣት እንደማትችል ገባትና ደከማት። እናት እናት ናት። እሷም ለእናቷ እንዲህ ያለ ክፍል ብታገኝ ኖሮ ማን ተኝቶበታል ብላ ትጠይቅ እንደነበረ እንጃ።

ዘካርያስ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። አርባ ዓመቱ ነው፤ ትራክ ስለሚነዳ ወገቡ ሰፍቶ ትከሻው ጎብጧል። «እትዬ፣ ዛሬ ሥራ አለሽ?» አለ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ ሥራ፣ ካስወጣት ወዲህ ከዚህ ቤት ውጭ ሥራ እንደሌላት እያወቀ። «ግሮቭ ሲቲ ወዲያ ማዶ ካምፐር፣ መኪና የሚጎትተው የሽርሽር ማደሪያ፣ የሚሸጡበት ቦታ አለ። ለሰመር እንዲሆነን አንድ ልይ ብዬ ነው። አየርም ትቀይሪያለሽ።» ኦክቶበር ነበር። ደጁ ላይ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። «ጫማዬን ላድርግ» አለችው።

ቅዳሜ ስለነበረና ከተማው በሙሉ የቡድኑን የፉትቦል ጨዋታ ሊያይ ቴሌቪዥን ፊት ስለተቀመጠ መንገዱ ባዶ ነበር። ዘካርያስ ስለ ጎማ ዋጋ አወራ፣ ስለ ኢንዲያናፖሊስ መንገድ ግንባታ አወራ፣ ናርዲ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ መሆኑን አወራ። ሁልጊዜ እንዲህ አያወራም። ግሮቭ ሲቲ ሲደርሱ አሥራ አራት ዓመት የሠራችበትን ዌርሃውስ አለፉት፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ግራጫው ግንብ ነጭ ተቀብቶ፣ መጫኛው ላይ ትራኮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። ዘካርያስ በጣቱ አሳያት። አይታዋለች። እሱም ስለ ጎማ ወደጀመረው ተመለሰ።

ካምፐሮቹ የቆሙበት ሜዳ ጠጠር የፈሰሰበት ሰፊ ግቢ ነው። ትራቭል ትሬይለር የሚባሉት፣ ግድግዳቸው ደረቅ፣ በርና መስኮት ያላቸው፣ ነጫጭ ሆነው በሦስት ረድፍ ከመግቢያው እስከ ጫፍ ተደርድረዋል፤ መስኮታቸው ላይ ዋጋቸው ተጽፏል፣ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ሃያ ስድስት ሺህ፣ አርባ አንድ ሺህ። ሻጩ ስልሳውን ያለፈ ነጭ ሰውዬ ነው፤ የቡድኑን ቀይ ማሊያ በሸሚዙ ላይ ደርቧል፣ ከደረት ኪሱ ጨዋታው በትንሽ ሬዲዮ ይሰማል። ዘካርያስ ፖፕ አፕ፣ ታጣፊውን ዓይነት፣ እንደሚፈልግ ሲነግረው ሰውዬው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገው። አንድ ብቻ ነው ያለኝ ብሎ ከረድፎቹ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ወደ ተጣለች ዝቅ ያለች ሳጥን መሰል ነገር መራቸው። ቁመቷ ከእናናዬ ወገብ አይበልጥም። ሰውዬው ማዞሪያ ሰክቶ ሲያዞር ጣሪያዋ እየተንቋቋ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሁለቱ አልጋዎቿ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ከግራና ከቀኝ ተመዘዙ፣ ዙሪያዋን ደግሞ የታጠፈ ሸራ ተዘረጋ። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ እርጥብ ነገር ሽታ ወጣ።

«እኔ እዚህ ሥራ ስጀምር የግቢው ግማሽ ይህ ነበር» አለ ሰውዬው፤ ማውራት የሚወድ ሰው ነው። አስተማሪውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም በትንሽ መኪናው ይጎትታታል፣ ሐይቅ ዳር ይዘረጋታል፣ እሑድ አጥፎ ይመለሳል። አሁን ሁሉም ትልቅ መኪና ገዝቷል፤ ሁሉም ሽንት ቤትና ሻወር ያለው፣ ቁልፍ ያለው ይፈልጋል። ማን ሸራ ሲያደርቅ ይውላል? በኮቪድ ጊዜ ሰው ጎማ ያለውን ሁሉ ነበር የሚገዛው፣ ያኔ እንኳ የሄደው ትራቭል ትሬይለሩ ነው። ሃያ ትራቭል ትሬይለር ሸጦ አንድ ፖፕ አፕ ከሸጠ ዓመቱ ጥሩ ነው ማለት ነው። ይችን አራት ሺህ አምስት መቶ ብሎባታል፣ ገዢ ከተገኘ ገና ይቀንሳል። «ስንት ሰው ነው የሚተኛባት?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ» አለ ዘካርያስ በእንግሊዝኛ።

«ለዊኬንድ?»

«ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ። ሂተር አላት አይደል?»

ሰውዬው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ይችን የሠሯት ለጁላይ ነው። ለሁለት ልጆችና ለሐይቅ። ከሃሎዊን በኋላ እኔ ውሻዬን አላሳድርባትም» አለ።

ዘካርያስ ወደ እህቱ ዞረ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፤ ሆስፒታልም፣ ባንክም፣ የናርዲ ትምህርት ቤትም፣ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ወደ እሷ ዞሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአማርኛ ይነግራታል። «ለአንድ ሰው ምቹ ናት ነው የሚለው» አላት። «አየሯ እንደ ልብ ነው። ትልልቆቹ ገንዘብ መጨረስ ናቸው ይላል።»

እናናዬ እጇን ወደ ሸራው ሰድዳ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ካኩማ ስደተኛ ካምፕ አሥራ አንድ ዓመት የሸራ ግድግዳ ሥር ኖራለች፤ ሸራ ሌሊት እንደሚያልበው፣ የነካው ብርድ ልብስ እንደሚርስ፣ ነፋስ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቃለች። ይሄኛው ከዚያኛው ወፈር ይላል። ለቀቀችውና ወደ ሰውዬው ዞረች። በእንግሊዝኛ፣ ፎርክሊፍት ነጂዎችን ይህን አንሣ ያንን አውርድ ስትልበት በነበረው ድምፅ፣ «ውሻህ የት ነው የሚያድረው?» አለችው።

ሰውዬው ሳቀ። «እኔ አልጋ ላይ ነዋ! ሚስቴን አስወጥቷታል።»

«ጃንዋሪ ላይ እዚህ ውስጥ ምን ያህል ይበርዳል?»

«ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ እንኳ ሙቀቱ በሸራው ይወጣል። ጠዋት ሲነሡ ትንፋሽዎን ያዩታል» አለና ዘካርያስን አየ፤ እሷን አየ። ሳቁ ከፊቱ ወረደ። ሦስተኛ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ያለችው ትሬይለር ክፍት ናት፣ ገብታችሁ እዩአት፣ እኔ ውጤቱን ልስማ ብሎ ሬዲዮውን ከፍ እያደረገ ጠጠሩን እየረገጠ ሄደ።

ወደ ትሬይለሯ ገቡ፤ ሌላ የሚሄዱበት አልነበረም። ውስጧ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። በአንድ ጫፍ አልጋ፣ በሌላው ጫፍ ሽንት ቤት፣ መሐል ላይ ሁለት ጠባብ አግዳሚ ያለበት ጠረጴዛ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የኮት መስቀያ ሁሉ ተደርጎለታል። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሊነካካ ሆነ። ዘካርያስ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት ጠርዙን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ።

«እንግሊዝኛ ይህን ያህል ትችያለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«አሥራ አራት ዓመት እዚያ ዌርሃውስ በምን ቋንቋ የሠራሁ መሰለህ?»

«ታዲያ ሆስፒታል... ዶክተሩ ሲያናግርሽ... እኔን ለምን ትጠብቂያለሽ?»

«ደስ ይልህ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ወጣት ሳለ፣ አዲስ በመጡ ጊዜ፣ ለእሷ ሲያስተረጉም ደረቱን የሚነፋበትን ነገር ወድዳለት ነው፤ ከዚያ ልማድ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ለማቆም ዘገየ። አሁን ይህን ሁሉ ልታብራራለት አልፈለገችም። ዘካርያስ ግን በልቡ ወደ ኋላ እየሄደ፣ በየቢሮው ያሳጠረውን፣ ያለሰለሰውን፣ ደክሞት የዘለለውን ሁሉ እያስታወሰ መሆኑን ከጆሮው መቅላት አወቀች።

«እስከ ስፕሪንግ ብቻ ነበር» አለ። «ከጓሮ፣ ከቤቱ ጥግ አስጠግቼ፣ ኤሌክትሪክ ስቤ። ለመብላት ለመታጠብ ቤት ትገቢያለሽ። የአርሴማ እናት ደረጃ አይችሉም። ናርዲን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ምን ላድርግ እትዬ? ካኩማ ሸራ ውስጥ አልኖርንም እንዴ?»

«ያኔ ሁለት ነበርን።»

ውጭ ሰውዬው ለብቻው ጮኸ፤ ቡድኑ አግብቶ ይሆናል። እናናዬ መስኮቱን አየች። መጋረጃ ነበረው፣ ትንሽ፣ ቢጫ። ልትበሳጭበት የምትችልበት ሰዓት ይህ እንደሆነ ታውቃለች። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ በጀርባዋ አዝላ ድንበር ማሻገሯን፣ እሱን ትቼ አልሄድም ብላ ሊያገባት የመጣውን ሰው መመለሷን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ልትደረድርለት ትችላለች። ቃላቱ ተሰልፈው መጡ፤ አየቻቸው፤ አንዳቸውም አልከበዷትም። «እንሂድ፣ እግሬ በረደኝ» አለች። ሲወጡ ዘካርያስ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ ሰው ተኝቶ ያለበት ይመስል።

መኪና ውስጥ ስለ ጎማ የሚያወራ አልነበረም። ግሮቭ ሲቲን ካለፉ በኋላ እናናዬ ስልኳን አውጥታ ደራርቱ ጋ ኮል አደረገች። ደራርቱ ዌርሃውስ ከእሷ ጋር የሠራች፣ አሁን ዎርዝንግተን ውስጥ ቢሮ የምታጸዳ፣ ከእሷ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ሩምሜቷ ወደ ቴክሳስ ከሄደች ጀምሮ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች ስትለምናት፣ እናናዬ ልጅቷን ማን ይይዝልኛል፣ ምግቡን ማን ይሠራል እያለች ስታዘገይ ነበር። «ያ ክፍል አለ?» አለቻት።

«አለ! መቼ ልትመጪ?»

«ዛሬ።»

ደራርቱ «ፍራሹ ላይ አዲስ አንሶላ የለም፤ ያንቺን ይዘሽ ነይ» አለች እንጂ ሌላ አልጠየቀችም። ዘካርያስ ሁሉንም ሰምቷል። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሎ ይነዳ ነበር።

ቤት ሲደርሱ አርሴማ ፓስታ ሠርታ ጠረጴዛውን አሰናድታለች። የሆስፒታል ልብሷን ገና አልለበሰችም፤ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ነው። የባሏን ፊት አየች፣ ከዚያ እናናዬ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ሰማች፣ ከዚያ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አርሴማ ገብታ አልጋው ላይ የተከመረውን ሹራብ ማጠፍ ጀመረች፤ በደንብ ነበር የምታጥፈው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ላይ። «እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች እጇን ሳታቆም። «እኔ እኮ ይውጡ አላልኩም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይውጡ አላልኩም።»

«አላልሽም» አለች እናናዬ።

«ታዲያ እንዲህ በአንድ ቀን...»

«እናትሽ እስኪመጡ ክፍሉ ይናፈስ። መስኮቱ ሲከፈት ከታች ይያዛል፣ ገፋ አድርጊው። ማታ ማታ የጋራዡ በር ሲዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ንገሪያቸው።»

አርሴማ የያዘችውን ሹራብ አልጋው ላይ አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች። ልታለቅስ ነው ብላ እናናዬ ጠበቀች። አላለቀሰችም፤ ሹራቡን አንሥታ አጥፋ ጨረሰችው። ሃያ ዓመት አሜሪካ ተኖሮ ሁሉም በሁለት ሻንጣና በአንድ የጨርቅ ቦርሳ መግባቱ እናናዬን ገረማት። የማርያምን ሥዕል በፎጣ ጠቀለለች። የክረምት ጫማዋን ግን ዚፑ አልዘጋ ስላለ በእጇ ያዘችው።

ናርዲ ከላይ የወረደችው ሻንጣው ኮሪደር ላይ ሲጎተት ሰምታ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን በግማሽ ተሠርታ ግማሹ ተበትኗል፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አለ። «ዌር አር ዩ ጎይንግ?» አለች።

«ደራርቱ ጋ ልኖር ነው።»

ናርዲ እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። ማዳመጫዋን አወለቀች። «ዘይ አስክድ ሚ» አለች፤ ከዚያ እናናዬ ያልገባት መስሏት በተሰባበረ አማርኛ ደገመችው። «እኔን ጠይቀው ነበር። ሩሜን ሼር እንዳደርግ። ኖ አልኩ። አላወቅኩም... አይ ዲድንት ኖው ዚስ።»

«ደግ አደረግሽ» አለቻት እናናዬ። «ልጅ የሚዘጋው በር ያስፈልገዋል።» ሳመቻት፤ በቀኝ፣ በግራ፣ በቀኝ። ናርዲ የሻንጣውን እጀታ ይዛ አልለቅ አለች፤ አባቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቆ ሻንጣውን ወሰደ። ፓስታውን የበላው አልነበረም።

የደራርቱ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እናናዬ በየዙሩ እየቆመች፣ ጉልበቷን እየያዘች ስትወጣ ዘካርያስ ሁለቱን ሻንጣ ተሸክሞ ከኋላዋ በእሷ እርምጃ ወጣ፤ ልቅደምሽ አላለም። ደራርቱ የሥራ ልብሷን ለብሳ ጠበቀቻቸው። በችኮላ አስጎበኘቻት፤ ፍሪጁ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ያንቺ ነው፣ ምድጃው ላይ የኋላው ግራ አይሠራም፣ ሻወሩ ሞቅ እስኪል ይቆያል፣ ጎረቤቶቹ ሕፃን አላቸው። «ምን ሆነሽ ነው እናኒ?» ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት በሩ ላይ። «ምንም» አለች እናናዬ። ደራርቱ እጇን ጨብጣ ወደ ሥራዋ ወረደች። ዘካርያስ የባዶውን ክፍል መሐል ይዞ ቆሞ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውን አየ። ማሞቂያውን በመዳፉ ነካው። የሚናገረው የተጠራቀመበት ይመስል ነበር፤ ያለው ግን «በይ እንግዲህ» ብቻ ነው። ሳመችው። ደረጃውን ሲወርድ እስከ ታች ድረስ ሰማችው።

አንሶላውን አነጠፈች። ሥዕሉን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አቆመች። ጎረቤት ያለው ሕፃን አለቀሰና ተወ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኳ ጠራ፤ ዘካርያስ ነው።

«ገባሽ?» አለ፤ ራሱ አስገብቷት ሄዶ።

«ገብቻለሁ።»

«ይሞቃል ቤቱ?»

«ይሞቃል።»

በስልኩ ውስጥ የመኪናው አመልካች ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መኪናው ታች ፓርኪንጉ ላይ እንደቆመ ነው፤ መብራቱ አልበራም፣ አመልካቹ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚህ ከፍታ ፊቱ አይታይም፤ መሪው ላይ ያረፉ ሁለት እጆቹ ብቻ ይታያሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። ውረጂ፣ ተመለሺ፣ እንዲህ አይሆንም ቢል ምን እንደምትለው አሰበች። አላለም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆመች፤ መዳፏ እስኪያልበው ቆመች።

ከዚያ ሌላ መኪና ገባ። እናናዬ የማታውቃት፣ የመኝታ ልብስ የመሰለ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ናት የምትነዳው፤ ከዘካርያስ ኋላ መጥታ ቆመች፣ ጠበቀች፣ አንዴ ጥሩምባ ነካች፣ ደግማ ነካች። መሪው ላይ ያሉት እጆች አልተንቀሳቀሱም።

«ዘኬ» አለች እናናዬ።

«አቤት እትዬ።»

«የሰው ቦታ ላይ ነው የቆምከው። ልቀቅላት።»